ውርጭን ከየት ልጀምር?

መሌ፣ ውዴ፣

ከተለያየን ዓመት ከአንድ ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ብጠይቅህም እንደማትመልስልኝ ካወቅሁ ሰንብቻለሁ። መቃብርህ ላይ ቆሜ ያልነገርኩህን ነው ዛሬ በጽሑፍ የምነግርህ። እዚያ ሁልጊዜ ሰው አለ፤ ሰው ባይኖር እንኳ አባዬ ራቅ ብለው ቆመው ይጠብቁኛል። ዋሽቼህ ነበር። በሕይወት ሳለህ ልነግርህ ይገባኝ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል ቀደምከኝ።

መጀመሪያ ግን የቤቱን ወሬ ላውራህ፣ ከሥራ ስትገባ ጫማህን ሳታወልቅ እንደማወራህ። የጓሮውን ጎመን ዘንድሮ ውርጭ በላው። አንተ ብርዱ ሲጠና ከረጢት ታለብሰው ነበር፤ እኔ ረሳሁትና ጠዋት ጠቁሮ አገኘሁት። የውጪው በር ክረምት በገባ ቁጥር እንዳበጠ ነው፤ በትከሻዬ ገፍቼ ነው የምከፍተው። ከፋብሪካው ሎከርህ ውስጥ የነበረውን ዕቃ ልከውልኛል፦ የመብራት መሞከሪያ ቴስተርህን፣ የሥራ ካፖርትህን፣ ያልተከፈተ አንድ ጥቅል የጊታር ክር። ካፖርትህን እለብሰዋለሁ። የምሠራበት መዝገብ ቤት ለብሼው ስገባ የሥራ ጓደኞቼ ዞር ብለው ያዩኛል።

የፊት ለፊቱን ክፍል አከራየሁት። ቤቱ ለአንድ ሰው በዛ። ተከራይዋ ሰብለ ትባላለች፤ ከሐዋሳ መጥታ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምታስተምር ልጅ ናት። የደብረ ብርሃንን ብርድ ገና አልለመደችውም፣ በጠራራ ፀሐይ ጓንት ታደርጋለች። አንተ ብትኖር ስትቀልድባት ትውል ነበር።

ባንድህ ተበትኗል። ሁለቱ ጊታር ተጫዋቾች አዲስ አበባ ገብተው ቀሩ። ከበሮ መቺው ደረጀ ብቻ እዚሁ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። መንገድ ላይ ሲያየኝ ያቆምና አንድም ቃል ሳይተነፍስ ቤቴ ያደርሰኛል። ድሮም ከእናንተ ውስጥ ወሬ የሚያውቅ አልነበረም፤ ዘፈናችሁም ቃል የሌለው ለዚያ ይሆናል።

ጓሮ ያለው የመለማመጃ ክፍላችሁ ባዶውን ነው። ድምፅ እንዳይወጣ ብላችሁ ግድግዳው ላይ በሚስማር የመታችሁት ብርድ ልብስ የለም። አንተ ያረፍክ ለት ለቅሶ የመጣው ሰው ድንኳን ውስጥ ሲንቀጠቀጥ፣ የዕድሩ ሰዎች ገብተው ሚስማሩን እየነቀሉ አወጡና አለበሱት። ሽማግሌዎቹ በሙዚቃህ ግድግዳ ተጠቅልለው አደሩ። ከዚያ ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ እንደወጣ ቀረ። የተመለሰውም ሚስማር የበሳው ቀዳዳ አለበትና አልጋ ላይ ሳነጥፈው ጣቴ ይገባበታል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ትዝ ይልሃል፣ ከአንኮበሯ ጎረቤላ ሙሽራ አድርገህ ያመጣኸኝ ሰሞን ልምምዳችሁ ላይ ገባሁ። አራት ጎረምሶች ራሳችሁን ደፍታችሁ ትነካካላችሁ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ በመጨረሻ ዘፋኙ መቼ ነው የሚመጣው ብዬ ጠየቅሁ። እንባህ እስኪወርድ ሳቅህ። ዘፋኝ የለንም፣ ይሄ ፖስት-ሮክ ይባላል አልከኝ። እኔም ከፖስታ ቤት ጋር ምን አገናኘው ብዬ ኩም አደረግሁህ። የባንዱ ስም ውርጭ መሆኑን ስትነግረኝማ ጭራሽ ባሰብኝ። ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው ውርጭን ይሸሻል እንጂ ስም ያወጣበታል? ቃል ከሌለው ታዲያ ስለ ምንድን ነው የምትጫወቱት ብልህ፣ አንቺ ስለሚሰማሽ ነገር ነው አልከኝ። ተናደድኩ። ስለሚሰማኝ ነገር ማን ጠየቃችሁ?

እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ያደግሁበት አገር ዘፈን የሚመዘነው በግጥሙ ነው፤ ለቅሶ እንኳ ሳይቀር። አልቃሽ ስትነሣ ሰው ጆሮውን የሚሰጠው ለዜማዋ አይደለም፣ ምን ትል ይሆን ብሎ ነው። ሰርግም ላይ፣ መሸታ ቤትም፣ ሬዲዮም ሲከፈት፣ ዘፈን የወደደ ሰው ግጥሙ ነው ደስ የሚለኝ ይላል። እኔም እንደዚያው ነኝ። ቃል የሌለው ዘፈን ጨው እንደሌለው ወጥ ሆነብኝ። ይህን ልነግርህ ሲገባኝ አልነገርኩህም። አንተን ስለምወድህ ነው ያልነገርኩህ፤ ኋላ ግን መውደዴ ቀርቶ ልማድ ሆነ።

ከዚያ ስድስት ሙዚቃ ቀዳችሁ። ከፈረቃ ስትመለስ ፊትህ እንዴት እንደነበር አልረሳውም። ስልኬ ላይ ጫንክልኝና ከፋብሪካው የፈረቃ ቅጽ ጀርባ ላይ በዚያ በሚንጋደድ ጽሕፈትህ ከየት እንደምጀምር ጻፍክልኝ። ወረቀቱ አሁን ፊቴ ነው፤ እንዳለ ልገልብጥልህ፦

«ከ‹ሁለተኛ ፈረቃ› ጀምሪ፤ አጭር ነው፣ አያስመርርሽም። ‹የውሃ ወረፋ›ን ቸኩለሽ አትስሚው። ‹መብራት ሄደ› መሐል ላይ ሲደርስ ስልክሽ የተበላሸ ይመስልሻል፤ አልተበላሸም። ‹ሐሙስ›ን ካልወደድሽው እለፊው፣ አልቀየምም። ‹ቁልቁለት› ያገራችን መንገድ ነው። ‹አንድ ደቂቃ›ን መጨረሻ ላይ ስሚው። ሳትዘይ። እስከ ጫፉ።»

በማግሥቱ ማታ ፈረቃ ነበርክ። የመጀመሪያውን ከፈትኩት። ድምፅ የሚጀምርበትን ፍለጋ በአውራ ጣቴ ወደፊት ገፋሁት፤ የለም። ዘፋኝ እንደሌላችሁ እያወቅሁ፣ እጄ አልሰማ ብሎ ግጥሙን ይፈልጋል። ሁለተኛውን ገፋሁት፣ ሦስተኛውን ገፋሁት። «አንድ ደቂቃ» ዐሥራ አራት ደቂቃ የሚፈጅ መሆኑን ሳይ፣ ይሄ ሰውዬ ይቀልድብኛል አልኩና ሳልከፍተው ተውኩት። የቀሩትን አምስቱን አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ጨረስኳቸው። ጠዋት ገብተህ ሰማሽው ስትለኝ ሰማሁት፣ ደስ ይላል አልኩህ። አመንከኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ ውሸት ግን እያደር ወፈረ። ሰው ፊት ባለቤቴ ሙዚቃችንን ትወዳለች ባልክ ቁጥር አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ፣ አንተ ዓይን አፋር ናት ትላለህ።

አባዬ ዓይናቸውን ሊታከሙ የመጡ ጊዜ ያፈርኩትን ማፈር አንተ አታውቀውም። ልምምድ ላይ ሆናችሁ መቋሚያቸውን ይዘው ዘው አሉ። የደብር መሪጌታ ጊታርና ድራም መሐል! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ወንበር እንኳ ሳይቀበሉ፣ የጀመራችሁትን ጨርሳችሁ እስክታቆሙ ሰሙ። ሲያበቃ፣ ዓለማዊ ነው፣ አካሄዱን ግን አውቀዋለሁ አሉህ። ማኅሌት ሲቆም መጀመሪያ መቋሚያው በዝግታ ብቻ እንደሚወዛወዝ፣ ከዚያ ከበሮው ሳይቸኩል እንደሚገባ፣ ጭብጨባውና ሽብሸባው የሚመጣው ሰው ሁሉ ሲሞቅ እንደሆነ አስረዱህ። እናንተም አትቸኩሉም አሉ። ሳምንቱን ሙሉ አባትሽ ገባቸው እያልክ ከረምክ። አንቺስ አላልከኝም።

ከዚያ ታመምክ።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ስንመላለስ ከርመን፣ ሐኪሞቹ በቃ ቤታችሁ ሂዱና አስታምሙት አሉን። ዓይንህ ቢጫ ሆኖ፣ ሆድህ ተነፍቶ፣ ክንድህ ግን የልጅ ክንድ አህሎ ነበር። ጊታርህን አልጋህ ላይ አቀረብኩልህ፤ ጣትህ ክሩን ለመጫን አቅም አጣ። ወደዚያ አርጊው አልከኝና ከበሩ ኋላ አቆምኩት። እስከ ዛሬ ከዚያ አልተነሣም።

አንድ ቀን ከሰዓት እግርህን ቅባት ቀብቼ እያሸሁልህ ነበር። «አንድ ደቂቃ»ን ሰምተሽዋል አይደል አልከኝ። ሰምቼዋለሁ አልኩህ፣ እንደ ልማዴ። ምኑን ወደድሽው አልከኝ። በስድስት ዓመት ትዳራችን አንድም ቀን ያን ጥያቄ ጠይቀኸኝ አታውቅም። እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንት አልፎኝ ነበር፤ ሐሳቤ ነገ ከየት መድኃኒት አመጣ በሚለው ላይ ነበር። ግጥሙን አልኩህ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ቃል የሌለውን ሙዚቃ ግጥሙን ወደድኩት አልኩህ። ወዲያው ገባኝ፤ እጄ እግርህ ላይ ቀጥ አለ። አንተ ቀና ብለህ አየኸኝ። ዓይንህ እንባ ሞላ። ከዚያ ቀስ ብለህ፣ እስከ ጫፉ ሰምተሻል ማለት ነው አልከኝ፣ እጄን ያዝክና አመሰግናለሁ አልከኝ። በኛ ቤት እንዲህ ያለ ቃል መቼ ተባብለን እናውቃለን? ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ገመናዬን ሸፈነልኝ ብዬ አሰብኩ። ዋሾ መሆኔን አውቆ፣ አቅም ስለሌለው ወይም ስለሚወደኝ ዝም አለኝ አልኩ። በአምስተኛው ቀን አረፍክ።

አንኮበር ወስደን እናትና አባትህ አጠገብ ቀበርንህ። ያን ቀን ጉሙ ከቆላ ወጥቶ ሁሉን ነገር ሸፍኖት ነበር፤ ከመቃብሩ ወዲያ ያለው ሰው አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል። አልቃሿ ስለ አንተ ብዙ አለች። ደግነትህን አለች፣ የመብራት ሙያህን አለች፣ ልጅ ሳትተው መሄድህን አለች። ስለ ሙዚቃህ ምንም አላለችም። እኔ ልነግራት ይገባኝ ነበር፤ ምን ብዬ ልንገራት? ባሌ ለዓመታት የደከመበትን ነገር አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም ልበላት?

ዓመቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት ላሳጥርልህ። ከል ለበስኩ። ቴሌቪዥኑን ነጠላ አለበስኩት። ሐዘን ቤት ሙዚቃ አይከፈትም፣ ታውቃለህ፤ እኔ ደግሞ ከሥርዓቱ አልፌ የስልክ ጥሪዬን ሳይቀር አጠፋሁት። ጎረቤቱ ሁሉ ባሏን እንዴት ብታከብር ነው ብሎ አደነቀኝ። አላከበርኩህም መሌ፣ ሐዘኑ ውስጥ ተደብቄብህ ነበር። ስድስቱ ሙዚቃ ስልኬ ውስጥ አሉ፣ ልጅ ቢኖረን እንደምሳሳለት እሳሳላቸዋለሁ፤ ግን እፈራቸዋለሁ። ብሰማቸው ምን እንደነፈግሁህ ልኩን አውቃለሁና።

ሰብለ አንድ ቀን ልብስ ማስጫ ገመድ ልትዋሰኝ ገብታ ከበሩ ኋላ ያለውን ጊታር አየች። የማነው አለች፤ የባለቤቴ። ምን ዓይነት ሙዚቃ ነበር የሚጫወተው አለች፤ አንተ እንዳስተማርከኝ ፖስት-ሮክ አልኳት። ጓንቷን ሳታወልቅ አጨበጨበች። እሷ ለካ ተማሪ ሳለች ጀምሮ እሱኑ ነው የምትሰማው። የባንዳችሁን ስም ጠየቀችኝና ነገርኳት። ከዚያ፣ ውርጭን ከየት ልጀምር አለችኝ። ሐዘን ላይ ነኝ አልኳት። ይቅርታ ጠየቀችኝና ወጣች።

ሙት ዓመትህን አወጣን፣ ከሌን አወለቅሁ። ሰብለ ሁለት ሳምንት ጠብቃ፣ በትህትና፣ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። የምደበቅበት አጣሁ። ነገ እነግርሻለሁ አልኳትና በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ አባዬ ዘንድ ወረድኩ።

አባዬ አሁን ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም፣ አላጽናኑኝምም። ልጄ፣ አሉኝ፣ ማኅሌት ሲያልቅ የደረሰ ሰው የሚያገኘው ጭብጨባውን ነው፤ ለምን እንደሚጨበጨብ ግን አያውቅም። ከመጀመሪያው ቁሚ። ቢደክምሽ ተደገፊ እንጂ አትቀመጪ። ሙዚቃው ኃጢአት አይሆንብኝም ወይ ብላቸው፣ እሱን ለንስሐ አባትሽ፣ እኔን የጠየቅሽኝ የባልሽን ነገር ነው አሉና ምሳ አቅርቡላት ብለው ዘጉት።

በቀን አንዱን እየሰማሁ ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ከቢሮ እየወጣሁ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የመለማመጃ ክፍላችሁ እገባለሁ። መቋሚያ የለኝም፣ የመጥረጊያውን እንጨት እደገፋለሁ። አንተ ብታየኝ እንደ ሙሽርነቴ ጊዜ ትስቅብኝ ነበር። ብርድ ልብሱ ስለሌለ ግድግዳው ድምፁን እየመለሰ አንዱን ጊታር ሁለት ያደርገዋል።

«ሁለተኛ ፈረቃ»ን አውቀው ነበር። ልብስ ሳጥብ በግድግዳው አልፎ እየመጣ ራሴን ያዞረኝ የነበረው ጫጫታ ነው። ያን ለት ግን የፋብሪካው ማሽን ሲነሣ ሰማሁት፣ ከዚያ ሁለቱ ጊታሮች አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ፣ በር ላይ እንደሚተላለፉ ሠራተኞች። «የውሃ ወረፋ» አናደደኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ጠብ ጠብ ይላል፣ ምንም አይመጣም። በመጨረሻ ከበሮው አንዴ ሲመታ ግን እግሬ ሳላዘው አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ጄሪካን ይዤ ስንቱን ዓመት የተራመድኩት እርምጃ ነበር። «መብራት ሄደ» ላይ አስጠንቅቀኸኝ ሳለ ስልኬን አንሥቼ አየሁ። «ሐሙስ»ን አልወደድኩትም። ይኸው፣ ስለ ሙዚቃህ የነገርኩህ የመጀመሪያ እውነት ይህ ነው፦ «ሐሙስ»ን አልወደድኩትም፣ ይጮኻል። «ቁልቁለት» ላይ አባዬን አልታዘዝኩም፣ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከአንኮበር ወደ ቆላ ልጆች ሆነን የወረድንበት ነው፤ ጠጠሩ ከእግራችን ሥር ሲያመልጥ እንኳ አለበት።

በስድስተኛው ቀን «አንድ ደቂቃ»ን ከፈትኩት። ዐሥራ አራት ደቂቃ ቆምኩ። እንደ አባዬ ማኅሌት ከምንም ይነሣል፤ አንዲት ክር፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከበሮው ዘግይቶ፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ሆነው ጣሪያው እስኪንቀጠቀጥ። ከዚያ ሁሉም አንድ በአንድ ይወጣሉ። አንተ ብቻ ትቀራለህ፣ እያዘገምክ፣ እያዘገምክ። አለቀ ብዬ እጄን ልሰድ ስል በር ሲከፈት ተሰማ። እሱም ከቀረጻው ውስጥ ነበር። ከሩቅ የሴት ድምፅ መጣ።

«ኧረ ይበቃሃል! ሽሮው ቀዘቀዘ እኮ፣ ና ብላ!»

እኔ ነኝ። መሌ፣ እኔ ነኝ። የትኛው ቀን እንደሆነ እንኳ አላውቅም፤ ስንት ቀን እንደዚያ ብዬ ጮኼብሃለሁ። በስድስቱ ሙዚቃ ውስጥ የሰው ቃል ያለበት ቦታ እሱ ብቻ ነው።

ደረጀ ዘንድ ደወልኩ። እንዲያ ሲያወራ ሰምቼው የማላውቀውን ያህል አወራኝ። የመጨረሻውን ጊታር የመለማመጃ ክፍሉ ውስጥ ብቻህን እንደቀዳኸው፣ የኔ ድምፅ ሲገባበት እነሱ ይቆረጥ እንዳሉህ፣ አንተ እንቢ እንዳልክ ነገረኝ። ባንዳችን ያለው ግጥም ይሄ ብቻ ነው፣ አትንኩብኝ ብለሃቸው ነበር። እሷ እስክትደርስበት ምንም እንዳትነግሯት፣ ራሷ ሰምታ ትምጣ ብለህም አስምለሃቸው ነበር።

አሁን ገባህ ምን እንዳደረግሁህ? ገመናዬን አልሸፈንክልኝም። አመንከኝ። ግጥሙን ስልህ ቤታችን ውስጥ ስትጠብቀው የኖርከውን ቃል ሰማህ፤ አመሰግናለሁ ያልከኝም ለዚያ ነው። ዓመት ሙሉ፣ ውሸቴን አውቆ ሞተ ብዬ አለቀስኩ። አሁን ደግሞ ውሸቴን አምኖ ሞተ ብዬ አለቅሳለሁ። አባዬ ይህን ስነግራቸው ደስ ብሎት ነው ያረፈው፣ ተመስገን በይ አሉኝ። ልል ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ደስ ብሎህ ያረፍከው ባልሰማሁት ነገር ነው። ያን ደስታ የሰጠህ ድካሜና ግድየለሽነቴ ነው፤ እኔ አውቄ የሰጠሁህ ደስታ አይደለም። ብትነሣና አንዴ ብትጠይቀኝ ያንኑ ቃል እመልስልሃለሁ፣ ግን ሰምቼው። ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው አሁን ከእኔ በቀር የለም።

ሰብለን ነገርኳት። ወረቀትህን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ፣ ‹ሐሙስ›ን እንኳ ሳልተው፣ ከነቅደም ተከተሉ ሰጠኋት። መጨረሻ ላይ የምትጮኸው ሴት እኔ ነኝ፣ ትቆጣለች እንጂ ክፉ አይደለችም አልኳት። በሳምንቱ ዓይኗ ቀልቶ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ከኔ ድምፅ ኋላ ያለውን አብረን ደግመን ሰማነው።

ከኔ ድምፅ ኋላ ያለውን ገና አልነገርኩህም። አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔ ግን መጻፉን እስካሁን ፈርቼው ነው። ጊታሩ ወደ ግድግዳው ሲደገፍ ክሩ በራሱ ትንሽ ይላል። ወንበሩ ይንቋቋል። ከዚያ አንተ፣ ሳትታመም፣ በዚያ በደህና ቀን ድምፅህ፣ መጣሁ፣ አንድ ደቂቃ ትላለህ። እዚያ ላይ ያበቃል። ስሙን ለምን እንዲያ እንዳወጣህለት ያን ጊዜ ገባኝ።

ምን ቃል ልግባልህ? አልረሳህም ማለት ቀላል ነው፣ ስትኖርም ሰማሁህ ማለት ቀላል ነበር። ከእንግዲህ ያልሰማሁትን ሰማሁ አልልም። ውርጭን ከየት ልጀምር ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ ወረቀትህን እገለብጥለታለሁ፣ ያ መጨረሻው እንዳይቆረጥም እጠብቃለሁ። ጎመኑንም ከረጢት አለብሰዋለሁ። ጊታርህን ከበሩ ኋላ አውጥቼ ያልተከፈተውን ክር ለደረጀ ሰጥቼ አስገጥመዋለሁ፤ ባይነካ እንኳ ክሩ ሙሉ ይሁን።

አንተም አንድ ነገር አድርግልኝ። የኔ ቀን ሲደርስ፣ ካለህበት ሆነህ፣ እኔ በጮህኩብህ ልክ ጮኸህ ጥራኝ። ይበቃሻል፣ ቀዘቀዘ እኮ፣ ነይ በለኝ። የያዝኩትን አስቀምጬ እመልስልሃለሁ፦

መጣሁ፣ አንድ ደቂቃ።

ሚስትህ